አባቴ ለፈላስፋው ዋስ ሲሆን

ፍልስፍና አስተምራለሁ። ይህን ስል ሸዋ ሮቢት ያሉ ዘመዶቼ በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ፣ «እሺ፣ ሥራሽስ?» ይሉኛል። ዩኒቨርሲቲው ያለው ከዳገቱ በላይ፣ ብርዳሙ አገር ነው፤ እኔ ግን የቆላ ልጅ ነኝ። አባቴ የሽንኩርት ነጋዴ ነው። ከቀወት ወረዳ ገበሬዎች እየገዛ በአይሱዙ እያስጫነ ወደ አዲስ አበባ ይልካል። ለዶክትሬቴ ስንከራተት በኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ስለ ምን እንደምጽፍ አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። «አላህ ያግዝሽ» ይለኛል፤ ከዚያ ስልኩ ይጮኻል፤ ከዚያ ወሬው ስለ ሽንኩርት ይሆናል።

የምጽፈው ፈላስፎች ካገር አገር እየተጠራሩ በመሰብሰብ ፍልስፍናን እንዴት አድርገው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት እንዳደረጉት ነበር። ሲሰሙት ይደርቃል፤ እኔን ግን እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። ድሮ ፈላስፋ ማለት ብቻውን የሚያስብ፣ ቢበዛ ከብጤው ጋር ደብዳቤ የሚጻጻፍ ሰው ነው። ባቡርና መርከብ ሲመቻች ግን መሰብሰብ መጣ። መሰብሰብ ፕሮግራም ይፈልጋል፤ ፕሮግራም ክፍል ይፈልጋል፤ ክፍሉ ደግሞ በሩ ላይ የሚለጠፍ ስም ይፈልጋል። እዚህ ሥነ ምግባር፣ እዚያ ሎጂክ፣ ፎቅ ላይ የፍልስፍና ታሪክ። ምሁራኑ ወደየአገራቸው ሲመለሱ እነዚያን የበር ላይ ስሞች ይዘው ገቡ። ኮርስ አደረጓቸው፤ መምህር ቀጠሩባቸው፤ መጽሔት ከፈቱላቸው። እኔ ዛሬ የማስተምራቸውን ኮርሶች ከጥንቶቹ ጉባኤዎች ፕሮግራም ጎን ሳስቀምጣቸው የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ።

በጉባኤ የሚነገሩት ቋንቋዎችም በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ በእነሱ ያልተናገረ ሰው እንዳላሰበ ተቆጠረ። የአፍሪካ ምሁራን በየስብሰባው እየተነሱ «እኛስ?» እስኪሉ ድረስ የእኛ ስም የተለጠፈበት በር አልነበረም። በሩ ከተከፈተ በኋላም ቢሆን ውስጡ ማን እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያዳምጥ ሌላ ጣጣ ነው። ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን በራሴ ደርሶብኝ ነው።

ተራዬ ደረሰና ባሕር ተሻግሬ ወደ አንድ ትልቅ ጉባኤ ሄድኩ። ይዤ የሄድኩት ጽሑፍ ስለ አገሬ ስለ ይፋት ሽማግሌዎች ነበር። ሽማግሌዎቻችን ድንበር ሲያካልሉ፣ ባልና ሚስት ሲያስታርቁ፣ የደም ነገር ሲያበርዱ ማስረጃ ብለው የሚቀበሉት ምንድን ነው? የሚጥሉትስ? ይህ እስላምና ክርስቲያኑ አብሮ ተቀምጦ ያዳበረው የማሰቢያ መንገድ ነው፤ ፍልስፍና ነው፤ በሽምግልና ስም ስለምንጠራው ብቻ ከደጅ መቅረት የለበትም፤ ብዬ ነው የተከራከርኩት። የተሰጠኝ ጊዜ የመጨረሻው ቀን ከሰዓት ነበር፤ ክፍሉ ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ያለ ጠባብ ክፍል። ያዳመጡኝ ሰብሳቢው፣ ከእኔ ቀጥሎ የሚያቀርበው ሰውና ስልኳን ቻርጅ ልታደርግ ሶኬት ፍለጋ የገባች አንዲት ሴት ናቸው። ስጨርስ ሰብሳቢው «ጥያቄ?» አሉ። ሴትዮዋ ስልኳን አየች። «በጣም ደስ የሚል ነው፣ እናመሰግናለን» ተባልኩና ተቀመጥኩ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ያጠናሁት ሰው ነኝና ምን እንደደረሰብኝ በሚገባ አውቄዋለሁ። ሰው ተነስቶ «አይደለም!» ያላለው ሐሳብ በእኛ ሙያ ውስጥ እንደሌለ ይቆጠራል። የተቃወሙትን ይጽፉታል፤ ያስተምሩታል፤ የልጅ ልጅ ያፈራል። «ደስ የሚል ነው» የተባለው ግን እዚያው ክፍል ውስጥ ይቀበራል። የቆላ ሰው ሲናደድ ይታወቃል ይላሉ፤ እኔ ግን ያን ቀን እንባዬ ነው የመጣው።

ወጥቼ ለሻይ ተሰለፍኩ። ከፊቴ የቆሙ አንድ ሸበቶ ፕሮፌሰር ደረቴ ላይ የተንጠለጠለውን ካርድ አንብበው ስለ ምን እንዳቀረብኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ስኳራቸውን እያማሰሉ ሰሙኝና እንዲህ አሉኝ፦

«የሚያስታርቅ ሰው ጥበበኛ ነው፤ ፈላስፋ ግን አይደለም። የእናንተ ሽማግሌዎች ጠብ ሲያዩ ሊያጠፉት ይሮጣሉ። ፈላስፋ ጠብ ሲያይ ማገዶ ይጨምርበታል።»

ልመልስላቸው አፌን ስከፍት ሌሎች ሰዎች ከበው ወሰዷቸው። ደሜ ፈላ። ግን ወላሂ ደስም ብሎኛል፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል «አይደለም» ያለኝ ሰው አገኘሁ። እልህ ያዘኝ። ወደ አገሬ በሚመልሰኝ አውሮፕላን ውስጥ ሆኜ ወሰንኩ፤ እኚህን ሰው ሸዋ ሮቢት አምጥቼ እከራከራቸዋለሁ።

ለትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ስነግረው፣ «ሮቢት? በዚያ ሙቀት?» ብሎ ሳቀ። አዲስ አበባ ይሁን፣ ካልሆነ እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ይሁን አለኝ። አይሆንም አልኩት። ፍልስፍና ሁልጊዜ በትልቅ ከተማ፣ በትልቅ አዳራሽ ነው የሚመከርበት፤ ከዚያ ወጥቶ ሲያልበው ልየው። የምንከራከረውም ስለ ይፋት ሽማግሌዎች ነው፤ እነሱ በሌሉበት እነሱን ማማት ይሆናል። እንደ ዕድል ፕሮፌሰሩ ለሌላ ስብሰባ አዲስ አበባ ሊመጡ ኖሯል። ያቋረጥነውን እንቀጥል ብዬ ጻፍኩላቸው፤ በሳምንቱ «እመጣለሁ» አሉኝ። የከተማውን አዳራሽ በነፃ አገኘሁ። የፕላስቲክ ወንበር ከሠርግ ዕቃ አከራይ ተዋስኩ።

ለአባቴ የነገርኩት በስልክ ነው። ጉባኤውን መርቀው የሚከፍቱልኝ ሽማግሌዎች እንዲያመጣልኝ ስለምፈልግ መንገር ግድ ነበር።

«ሰውዬው ማናቸው?» አለኝ።

«ፈላስፋ ናቸው፤ ትልቅ ሰው።»

«አንቺና እሳቸው ምንድን ናችሁ?»

«አልተስማማንም፤ በአንድ ነገር ተጣልተናል» አልኩት እየሳቅኩ፤ «ለእሱ ነው የሚመጡት።»

«ባሕር ተሻግረው? እኔ ቤት ድረስ?»

«አዎ፤ አንተ ጋ ነው የሚያርፉት።»

«አልሃምዱሊላህ» አለ። ድምፁ እንደመርጠብ አለ። የእንግዳ ነገር ደስ ብሎት ነው ብዬ አሰብኩና ስልኩን ዘጋሁ።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። አንድ ሽበት ያለው ሰው የተጣላት ሴት አባት ቤት ድረስ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ቢመጣ፣ ሴትዮዋም በስልክ ሽማግሌ ሰብስቡልኝ ብትል፣ በይፋት ምድር ይህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርቅ። አባቴ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ነገሩን ለሚያከብራቸው ሰው ነገራቸው። እኚህ ሰው ከተማው ውስጥ ከባድ ነገር ሲመጣ በዳኝነት የሚቀመጡ ትልቅ ሽማግሌ ናቸው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ጋሼ ነው የሚላቸው። እሳቸውም የሚመስሏቸውን መርጠው ከሁለቱም ወገን ሽማግሌ አሰናዱ።

በጉባኤው ቀን አዳራሹ ገና ከጠዋቱ ይፈላ ነበር። ቬንቲሌተሩ የሚያዞረው ያንኑ ሙቀት ነው። ከዩኒቨርሲቲያችን የወረዱ መምህራን፣ የእኔ ተማሪዎች፣ የከተማው ሰው ተቀምጧል፤ ፕሮፌሰሩም ሌሊቱን አባቴ ቤት አድረው መጥተዋል። ሽማግሌዎቹ ሽርጣቸውን አገልድመው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡና የፊቱን ረድፍ ያዙ። አንዱ ዱአ አደረጉ፤ ሌላው አባታችን ሆይ አሉ፤ ጀማዓው አሚንና አሜን አለ። ደስ አለኝ። አመስግኜ ፕሮግራሙን ላስተዋውቅ ስነሳ ጋሼ በምርኩዛቸው ወለሉን ነካ አደረጉ።

«ቆይ እስቲ ልጄ። ሁለታችሁንም ለዚህ ያደረሰ ጌታ ይመስገን። የሚጀመረው ከተበደለው ነው። አንቺ ነሽ ወይስ እሳቸው?»

ቆሜ ሞትኩ! አባቴን ዞር ብዬ አየሁት። በዓይኑ «አይዞሽ፣ ተናገሪ» አለኝ። ሁሉም ነገር ያን ጊዜ ገባኝ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ፕሮግራሙን እያገላበጠ ይህ የትኛው ክፍለ ጊዜ እንደሆነ ይፈልጋል። ማቆም እችል ነበር፤ ስህተት ነው፣ ይህ ሳይንሳዊ ስብሰባ ነው ማለት እችል ነበር። ግን ከእርሻው፣ ከሱቁ ትቶ ለእኔ ብሎ የመጣ ሽማግሌ በሰው ፊት ይዋረዳል። ደግሞም እልሄ አለ። ሽማግሌ ፈላስፋ አይደለም ያሉት ፕሮፌሰሩ አይደሉም? ይዩዋ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«እሺ። መጀመሪያ ዋስ ጥሩ።»

ሽማግሌ በሚሉት ሊያድሩ፣ በተባሉበት ቀን ሊገኙ ሁለቱም ወገኖች ዋስ መጥራት አለባቸው፤ ያለ ዋስ ነገር አይሰማም። ለእኔ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሳያስበው እጁን አወጣ። ለፕሮፌሰሩ ግን ማን አለ? እኔ ባላንጣቸው ነኝና ላስተረጉምላቸው እንኳ አልተፈቀደልኝም፤ በከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው የእንግሊዝኛ መምህር ነው አጠገባቸው ተቀምጦ የሚያንሾካሹክላቸው። ሰው የሌለው እንግዳ በሽማግሌ ፊት ብቻውን ሲቆም ማየት ያሳፍራል።

አባቴ ተነሳ። «ዋሳቸው እኔ ነኝ። ቤቴ እህል ቀምሰዋል።»

ጆሮዬን አላመንኩም። ለእኔ ያልተነሳ አባት!

«ይህ ሰው በቀጠሮው ባይገኝ የምትጠየቀው አንተ ነህ» አሉት ጋሼ።

«አውቃለሁ።»

መምህሩ ሲያስረዳቸው ፕሮፌሰሩ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ለአባቴ ጎንበስ አሉ። እኔ ቆሽቴ አረረ።

ከዚያ ተናገርኩ። ያን ጽሑፍ በአማርኛ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር። በእንግሊዝኛ ስጽፈው ያቆላለፍኩት ዓረፍተ ነገር ሁሉ በሽማግሌዎቹ ፊት ሲቀርብ እየተፈታ፣ አንዳንዱም ባዶ ሆኖ እየተገኘ፣ ላቤ እየወረደ ተናገርኩ። ፕሮፌሰሩም በተራቸው ቆመው በሻይ ሰልፍ ላይ ያሉኝን ሳያለዝቡ ደገሙት። በዚህ አከብራቸዋለሁ። አንዱ ነጠላ የለበሱ ሽማግሌ፣ «እንዲህ ከሆነ የተጣሉት ከእሷ ጋር ሳይሆን ከእኛ ጋር ነዋ!» ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አባቴ ግን አልሳቀም። «አልተሳደቡም፤ ሐሳባቸውን ነው የተናገሩት» ብሎ ጣልቃ ገባ። ዋስነቱን ከምሩ ይዞታል።

«በሉ ዞር በሉልን» አሉን ጋሼ።

ሽማግሌ ሊመክር ሲል ባለጉዳዮቹን ያስወጣል። እኔና ፕሮፌሰሩ ወጥተን ደጅ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ቆምን። ፊታቸው እንደ በርበሬ ቀልቷል። «በሕይወቴ ከራሴ ጉባኤ ተባርሬ አላውቅም» አሉኝና ሳቁ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው እየጠረጉ ቀስ ብለው፣ «እንደሚያስማሙን ታውቂያለሽ፤ እኔም ደግ ሰዎች ናቸውና እምቢ አልላቸውም። ታዲያ ያን ጊዜ እኔ ትክክል ነበርኩ ማለት አይደለም?» አሉኝ።

ሙቀቱ አናቴን ይመታኛል። ከታረቅን አለቀልኝ። በጉባኤው ዘገባ ላይ «በመግባባት ተጠናቀቀ» ተብሎ ይጻፋል፤ የይፋት ሽማግሌ ሥራው ማስታረቅ ብቻ እንደሆነ በገዛ ከተማዬ፣ በገዛ አዳራሼ አስመሰክራለሁ። ካልታረቅኩ ደግሞ ሽማግሌ እምቢ ያለች ሴት እሆናለሁ። የአባቴ ፊት ምን ይሆናል? ተጠርተን ስንገባ ገና አልወሰንኩም ነበር።

ጋሼ ቆመን እንድንሰማ አዘዙንና ተናገሩ። «ሁለታችሁም ለእውቀት ነው የደከማችሁት፤ ጥላቻ አላየንባችሁም። እሳቸው ፍልስፍና ነው ይበሉሽ። አንቺም የእሳቸው ይበልጣል በያቸው። ተሳሳሙና ይለቅ።»

መምህሩ ተረጎመላቸው። ፕሮፌሰሩ እጃቸውን ዘርግተው ወደ እኔ መጡ፤ ከመምህሩ አፍ እየተቀበሉም በተሰባበረ አማርኛ፣ «እሺ። ፍልስፍና ነው» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ።

ያን ቃል ስንት ዓመት ነው የፈለግኩት! ባሕር ማዶ ድረስ ሄጄ የለመንኩት ቃል ነው። አሁን ከሚዛን በላይ እንደሚጨመር ምራቂ ሽንኩርት ላዬ ላይ ጣል ተደረገልኝ።

«አይሆንም» አልኩ።

ጭብጨባው ተቋረጠ። አባቴ አንገቱን ደፋ። ጋሼ ጆሯቸው የተሳሳተ ይመስል መምህሩን አዩት።

«ጋሼ፣ ይማሩኝ» አልኩ። «እንግዳችን ያሉት ለእናንተ ክብር ብለው እንጂ አምነውበት አይደለም። እኔም የእሳቸው ይበልጣል ብል እዋሻለሁ። እኔ የማልፈልገው እርቁን አይደለም፤ ነገሩ አልበሰለም ነው የምለው። ሽማግሌ ያልበሰለ ነገር ሲገጥመው ምን እንደሚያደርግ እናንተው ናችሁ ያስተማራችሁን። ቀጠሮ ይሰጠን።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ጋሼ ጺማቸውን ያዙ። «እስከ መቼ?»

«እስከ ዓመት። እሳቸውም ተዘጋጅተው ይምጡ፤ እኔም እዘጋጅ። እዚሁ።»

አንገት ለአንገት ገጥመው ተንሾካሾኩ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ጋሼ ቀና አሉ። «ቀጠሮ የጠየቀን ሰው ከልክለን አናውቅም። ዋሶቹ እንዳሉ ናቸው» አሉ። ፕሮፌሰሩ ሲተረጎምላቸው ቅድም ለመሳም የዘረጉትን እጃቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡት። ከዚያ ከእኔ ይልቅ ሽማግሌዎቹን ነበር ለረጅም ጊዜ የሚያዩት።

ያን ዕለት ፕሮፌሰሩን ሸኝቼ ስመለስ አንድ ነገር መጣልኝ። የጉባኤዎቹን መዛግብት ሳገላብጥ ዓይኔ ሁልጊዜ የሚያርፈው ክፍሎቹ፣ በሮቹ፣ ቋንቋዎቹ ላይ ነበር። የመጨረሻውን ገጽ ግን እዘለው ነበር። በእያንዳንዱ ጉባኤ መጨረሻ የሚቀጥለው የት እንደሚሆን ይነገራል። ጦርነት መጥቶ ሲያቋርጣቸው እንኳ፣ ትናንት በጠላትነት የተያዩት ሰዎች ነገ ያንኑ ክርክር ካቆመበት አንስተውታል። ብቻውን የሚያስብ ሰው ሲሰለች ይተወዋል። በቀጠሮ የሚጠበቅ ሰው ግን ቤቱ ገብቶ ይዘጋጃል፤ ደቀ መዝሙር ያሰለጥናል፤ ራሱ ባይደርስ ሌላ ይልካል። ፍልስፍናን የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ያደረገው የበሩ ላይ ወረቀት ብቻ አልነበረም፤ ያላለቀ ጠብን በቀጠሮ ማሳደር ነው። የዶክትሬት ጽሑፌን የመጨረሻ ምዕራፍ ቀድጄ እንደገና ጻፍኩት።

ዓመቱ ሲቃረብ መንገዱ ተዘጋ። የሮቢት ሰው መንገድ ተዘጋ ሲባል ምክንያቱን አይጠይቅም፤ መቼ ይከፈታል ነው የሚለው። የፕሮፌሰሩ ዩኒቨርሲቲ እንዳይመጡ ከለከላቸው። ተከፍቶ መልሶ እስኪዘጋ ባለው ጊዜ እኔ እንደምንም ወደ ቤት ወረድኩ፤ ግን ተስፋ ቆርጬ ነበር። ለአባቴ፣ «እንሰርዘው» አልኩት።

«የምን መሰረዝ?» አለኝ። «ዋስ አለ እኮ!»

ለካስ አባቴና ፕሮፌሰሩ ዓመቱን ሙሉ በስልክ ድምፅ ሲላላኩ ኖረዋል። የእንግሊዝኛው መምህር ከትምህርት ቤት ሲወጣ ሽንኩርት መጋዘኑ ጎራ እያለ የአንዱን ለሌላው ይተረጉማል። ምን እንደሚባባሉ ብጠይቀው መምህሩ በሽማግሌ ፊት እንጂ አልናገርም አለኝ። አባቴ ደግሞ ይባስ ብሎ፣ «አንቺ እኮ ባላንጣዬ ነሽ» አለኝ።

በቀኑ አዳራሹ እንዳምናው አልሞላም። ደገኞቹ መምህራን አልወረዱም። ሽማግሌዎቹ ግን አንድም አልቀሩም። ጋሼ እንግዳው ቀርተዋልና ዋሱ ይቁም አሉ። አባቴ የዒድ ኮቱን ለብሶ፣ አምና ፕሮፌሰሩ በቆሙበት ቦታ ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ። እጁ ላይ ምንም የተጻፈ ነገር የለም።

«ሰውዬው የሚሉት እንዲህ ነው» አለ። «ሊያስታርቅ የተቀመጠ ሰው ሰላም ነው የሚፈልገው። ሰላሙና እውነቱ የተጣሉ ቀን እውነቱን ይተዋል። ፈላስፋ ግን ሰላሙን ይተዋል። ይህን መልሺ።»

ተዘጋጅቼበታለሁ። ተነሳሁና፣ እውነቱ ሳይወጣ የተደረገ እርቅ እንደማይጸና፣ ሽማግሌም ይህን ስለሚያውቅ እርቁ እንዲጸና ሲል እውነቱን ለማውጣት እንደሚደክም፣ ስለዚህ በእኛ ዘንድ ሰላሙና እውነቱ የማይነጣጠሉ መሆናቸውን አስረዳሁ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አሸነፍኩ ብዬ ልቀመጥ ነበር።

«አይጸናም?» አለ አባቴ።

«አይጸናም።»

ኮቱን አስተካከለ። «እስካሁን የተናገርኩት የሰውዬውን ነው። ይህ የእኔ ነው። እኔ ከወንድሜ ጋር ታርቄአለሁ።»

አጎቴ የሚኖረው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። በመሬት ተጣልተው እንደነበር በልጅነቴ ሰምቻለሁ፤ እንደታረቁም እንዲሁ። ያስታረቋቸው ጋሼ ናቸው።

«እውነቱ አልወጣም» አለ አባቴ። ሽማግሌዎቹን አላያቸውም፤ እኔን ነበር የሚያየኝ። «ሳመው ተባልኩ፤ ሳምኩት። ሆድህ ሽሯል ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ዒድ በመጣ ቁጥር እስመዋለሁ። ስሜው ቤቴ ስገባ እናትሽ ምን ሆነሃል ትለኛለች፤ ምንም እላታለሁ። ይኸው እስካሁን አልፈረሰም። እውነቱ ሳይወጣ ጸንቷል። አንቺ ያልሽው ልክ ከሆነ፣ ይህ እንዴት ሆነ?»

ጋሼ ምርኩዛቸው ላይ ተደግፈው መሬቱን ያያሉ። ሮጬ ላቅፈው ፈለግኩ። ይህን ሁሉ ዘመን ፈገግ እያለ ሽንኩርት ሲያስጭን ይህ በሆዱ ነበር። ለሚስቱ ያልነገረውን ለእኔ፣ በሽማግሌ ፊት፣ ጥያቄ አድርጎ አቀረበልኝ። ሰው ባሕር ተሻግሮ የማያገኘውን ጥያቄ አባቴ አምጥቶ እግሬ ሥር አኖረው።

ግን ያን ጊዜ ባቅፈው ታረቅን ማለት ነው። ሰዉ ያጨበጭባል፤ ጋሼ ይመርቁናል፤ ጥያቄውም የወንድሙ ነገር እንደተዳፈነው ይዳፈናል። ሁለተኛ ጊዜ ሳመውና ይለቅ ልለው? እንባዬን ዋጥ አደረግኩና ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«አልስማማም አባዬ» አልኩት። «አልጸናም። ጸንቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ ቆመህ አትነግረንም ነበር።»

አባቴ ትክ ብሎ አየኝ። እጁን አንስቶ እንደ መምህር ወደ ወንበሬ አመለከተኝ።

«ተቀመጪ» አለኝ፤ «ገና አልጨረስኩም።»